የተፈለፈለ ዱባና የተፈለፈለ ቅል፤ በኢሉባቦር የዝናም አገር ስለ መበስበስና ስለ ማቆየት

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ተረቱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰው ጠባይ ነው እንጂ ስለ አትክልት አይደለም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ተረቱን እንደ ቃሉ ወስደን፥ ዱባና ቅል የአንድ ቤተ ሰብ ተክሎች ሆነው ሳሉ፥ ዱባው ከተቆረጠ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው የሚፈርስበትን፥ ቅሉ ግን ተቆርጦና ተፈልፍሎ ከእናት ወደ ልጅ እስኪተላለፍ የሚቆይበትን ምክንያት ለመመርመር አስበናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በመቱና በጎሬ፥ በአልጌና በቡሬ፥ በሁሩሙና በያዮ፥ በበደሌም ዙሪያ፥ አንድ ፍሬ ሳይበሰብስ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ጥያቄ የጓዳና የገበያ ጥያቄ ስለሆነ፥ ተማሪ ሊንቀው የሚገባ አይደለም።

ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ግን በቁም ነገር ሳይሆን በጨዋታ መንገድ መሆኑን አስቀድመን እንናዘዛለን። በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪዎች በነበርን ጊዜ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አስተማሪ፥ በአገሩ በኦክቶበር 31 ቀን (በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ) ልጆች ዱባ ፈልፍለው ዓይንና አፍ እያወጡለት በውስጡ ሻማ እንደሚያበሩ ነገረን። ልማዱን ወደ አሜሪካ ያሻገሩት የአየርላንድ ስደተኞች እንደሆኑ፥ እነርሱም በቀድሞ አገራቸው ይጠቀሙ የነበረው በዱባ ሳይሆን ከመሬት በሚነቀል የሥራ ሥር አትክልት እንደነበረ ጨምሮ አስረዳን። እኛም በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤቱ በዓል ቴያትር እናዘጋጅ ስለነበር፥ ለአውሬ ራስ የሚሆነን ነገር ተገኘ ብለን ደስ አለን። ከወጥ ቤት ሦስት ዱባ ለምነን እሑድ ዕለት ፈለፈልናቸው። ቴያትሩ የሚታየው በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የአፉ ጠርዝ እንደ ተቀቀለ ድንች ለሰለሰ። ሐሙስ ዕለት በውስጡ እንደ ጥጥ ያለ አመድማ ሻጋታ ለበሰ። ዓርብ አንደኛው ፊቱ ወደ ውስጥ ወደቀ። ቅዳሜ ማታ መድረክ ላይ የወጣው አውሬ ከካርቶን የተሠራ ነበር፤ ከዱባዎቹ የቀረው ሽታው ብቻ ነው። ወጥ ቤቱን ያስተዳድሩ የነበሩትን እናት «እትዬ» እያልን እንጠራቸው ነበርና፥ ይቅርታ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ እንዲህ አሉን። «ልጆቼ፥ ዱባ ቢላዋ ከነካው በኋላ የሚጠብቀው ድስት ነው። ዓይንና አፍ ያለው ነገር ካማራችሁ ቅል ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት? የሠላሳ ሰው ወጥ ጣላችሁ።» ስለ ወጡ ያሉት አሳፈረን፤ ስለ ቅሉ ያሉት ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮአችን አልወጣም።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶር ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎሬ ደግሞ ከእርስዋ ከፍ ብላ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንመው ዝናም 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በጎሬ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዝናሙም እንደ ሰሜኑ አገር በሦስት ወር የሚያበቃ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቡናውንና ጫካውን የሚያሳድገው፥ ማሩንም የሚሰጠን ይኸው እርጥበት ነው። ዳሩ ግን በሳጥን የተቀመጠ መጽሐፍ፥ በግድግዳ የተሰቀለ ጫማ፥ በጓዳ የተጋደመ ዱባ ሁሉ የሚሻግተውም በእርሱ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ዱባው እንመለስ። ያልተቆረጠ ዱባ በራሱ የተዘጋ ጎተራ ነው ለማለት ይቻላል። ከመቶው 90 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ በዚያ ላይ ስኳርና ገለባ መሰል ነገር አለበት። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ቅርፊቱ ነው። የቅርፊቱ ላይኛ ገጽ በስሱ የሰም ዓይነት ነገር የተቀባ በመሆኑ ውሃው ወደ ውጭ፥ ሻጋታውም ወደ ውስጥ በቀላሉ አያልፍም። በመልካም ሁኔታ የተቀመጠ ዱባ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል፤ ቅርፊተ ጠንካራ የሆነው ዓይነት ደግሞ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል። መልካም ሁኔታ የምንለውም ይህ ነው፤ ፍሬው በሐረጉ ላይ ፈጽሞ ይብሰል፤ ጥፍር ቢጫኑት ቅርፊቱ አይበሳ፤ ሲቆረጥ ከሐረጉ ጋር ያያዘው እጀታ አንድ ጋት ያህል ይተውለት፤ በዚያ እጀታም አንጠልጥሎ የሚሸከመው ሰው አይኑር፥ ከተገነጠለ በቁስሉ ሻጋታ ይገባልና። ከዚያም በሞቃት ቦታ (27 ዲግሪ ገደማ) ዐሥር ቀን ያህል ቢቆይ ቅርፊቱ ይጠነክራል፥ ትንንሽ ጭረቶቹም እንደ ቡሽ ባለ ነገር ይሽራሉ። ቀጥሎ የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ቀዝቃዛና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ግን ያልተቆረጠ ዱባ ይታመማል፤ ሥጋው በብርድ ተጎድቶ ኋላ ቶሎ ይበሰብሳል። በከተማ ሰዎች ሙሉውን ዱባ ፍሪጅ ውስጥ ሲያስገቡ አይተን ስለምናውቅ ነው ይህን የጠቀስነው።

ቢላዋ የነካው ዕለት ሕጉ ሁሉ ይለወጣል። በአየር ውስጥ፥ በቢላዋው ላይ፥ በእጃችን ላይ ሁልጊዜ የማይታዩ የሻጋታ ዘሮችና ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ በቅርፊቱ ላይ ተቀምጠው ሲራቡ የነበሩ ፍጥረታት አሁን እርጥብና ጣፋጭ ማዕድ ተዘርግቶላቸው ያገኙታል። የተክል ሕዋሶች እርስ በርሳቸው የሚያያዙት ፔክቲን በሚባል ሙጫ ነው። የሻጋታዎቹና የባክቴሪያዎቹ የመጀመሪያ ሥራ ይህን ሙጫ የሚያሟሙ ኤንዛይሞችን ማፍሰስ ነው፤ ሙጫው ሲሟሟ ግንቡ ጭቃው እንደ ታጠበ የድንጋይ ካብ ይናዳል። ረቡዕ ዕለት በአፉ ጠርዝ ያየነው ልስላሴ ይህ ነበር። ሐሙስ ያየነው ጥጥ ደግሞ እንደ ራይዞፐስ፥ ፔኒሲሊየምና ፉዛሪየም ካሉት ሻጋታዎች የአንዱ ወይም የጥቂቶቹ መሆን አለበት፤ በዱባ ላይ የታወቁት እነዚህ ናቸውና። በተለይ አንጀቱ፥ ማለት ዘሩን የያዘው ክር ክር የሚለው ክፍል፥ ከሁሉ አስቀድሞ ይሻግታል። እኛ ደግሞ ሰነፍ ስለነበርን እርሱን በሚገባ አልጠረግነውም። በዚህም ላይ ልምምድ እያልን በየማታው ጧፍ እናበራበት ነበር፤ የጧፉ ሙቀት ውስጡን በከፊል እየቀቀለ ለሻጋታው እንዳዘጋጀለት የተረዳነው ኋላ ነው።

የባሕር ማዶ ሰዎች ይህን የተፈለፈለ ዱባ ለማቆየት ብዙ ዘዴ ፈልገዋል። አንዳንዶቹ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ይነክሩታል። አንዳንዶቹ የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ይቀቡታል። ሌሎች በአቼቶ ያጥቡታል። (በረኪናና አቼቶ በአንድነት ከተደባለቁ መርዘኛ ጋዝ ስለሚወጣቸው ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ በረኪና የነካውንም ዱባ መብላት አይገባም።) የሁሉም ውጤት የቀናት ጭማሪ ነው፤ እንክብካቤ ያላገኘው ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ሲቆይ፥ በቀዝቃዛ ቦታ የተጠበቀው ሁለት ሳምንት ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የተቆረጠ ዱባ በሁለት ዓይነት ሞት ይሞታል። አንደኛው መጠውለግ ነው፤ ውሃው በደረቅ አየር ተመጥጦ ይኮማተራል። ሁለተኛው መበስበስ ነው። ቫዝሊን የሚያግዘው የመጀመሪያውን ነው፥ ውሃው እንዳይወጣ ይከለክላልና። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ይህ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። በመቱ ግን ዱባ በድርቀት ሲሞት ማን አይቶ ያውቃል? ጠላታችን እርጥበት ሆኖ ሳለ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ የሚይዝ ቅባት መቀባት፥ ሌባውን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መቀርቀር ነው። በረኪናውም ቢሆን የሚገድለው ላይ ላዩን ያለውን ብቻ ነው፤ ወደ ሥጋው ዘልቆ አይገባም፥ በማግሥቱም ከአየር አዲስ ዘር ይወርድበታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ዘዴ ሁሉ ከመቀበላችን በፊት የትኛውን ሞት ለመከላከል እንደ ተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የምንለው የባሕር ማዶውን እውቀት ለመንቀፍ አይደለም፤ ዘዴው በተወለደበት አየር ትክክል ነው።

አሁን ወደ እትዬ ቃል፥ ወደ ቅሉ እንሻገር። ቅል በሳይንስ ስሙ ላጌናሪያ ሲሴራሪያ ይባላል። በኦሮምኛ ቡቄ ይሉታል። ከእርሱ የሚሠራውን ዕቃ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ወተት መናጫው ቅል ነው፥ ውሃ መጥለቂያው አንኮላ ቅል ነው፥ መጠጫው ሽክና ቅል ነው። አሠራሩን በመቱ ዙሪያ ካሉ እናቶች እንደ ተረዳነው እንገልጸዋለን።

ፍሬው ሐረጉ እስኪደርቅ ድረስ ከነበረበት አይነካም። ጨቅላውን የቆረጠ ሰው የሚያገኘው የተጨማደደ ቆዳ ነው። የደረሰው ቅል ሲያንኳኩት እንደ እንጨት ይጮኻል። ከዚህ በኋላ አንገቱ ይቆረጥና በዚያው በተከፈተው አፍ ውሃ ይሞላበታል። ቀጥሎ የሚደረገው ነገር ነው እኛን ያስደነቀን፤ ምንም አይደረግም! ቅሉ ከነውሃው ለብዙ ቀን እንዲሁ ይቀመጣል። ውስጡ ይበሰብሳል፥ ይሸታል፥ ከቤትም ይርቃል። ሥጋው ፈጽሞ ሲሟሟ ይደፋል፤ ጠጠር ተጨምሮ እየተናወጠ፥ በእንጨትም እየተፋቀ፥ እየታጠበ ይጠረጋል። ምሬቱ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው እየተለወጠ ደጋግሞ ይዘፈዘፋል። ምሬቱ ኩኩርቢታሲን ከሚባል ቅመም የሚመጣ ሲሆን ብዙ ከሆነ ሰውን ስለሚያሳምም፥ ይህ ድካም ለጣዕም ብቻ የሚደረግ እንዳይመስለን። ከዚያ በፀሐይ ይደርቃል፤ ፀሐይ በሌለ ጊዜ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። በመጨረሻ በወይራ ጭስ ይታጠናል።

ይህን ሁሉ ስንሰማ የተረዳነው ነገር የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ነው። እኛ በትምህርት ቤት መበስበስን ለመከልከል ስንታገል፥ እናቶቻችን መበስበስን እንደ ሠራተኛ ቀጥረው ያሠሩት ኖረዋል። ሻጋታውና ባክቴሪያው የሚወደውን፥ ለስላሳውንና ውሃ ያለበትን ክፍል ሁሉ በልቶ እስኪጨርስ ይተዉታል። የማይችለው ግን ቅርፊቱን ነው። የበሰለ ቅል ቅርፊት ሊግኒን በሚባለው፥ እንጨትን እንጨት በሚያደርገው ነገር የተሞሉ ጠንካራ ሕዋሶች ስላሉት፥ ፔክቲን የሚያሟማው ተባይ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጥርሱ ይሰበራል። ሠራተኛው የሚበላው ሲያልቅበት ይደፋና ይታጠባል፤ እንዳይመለስም ቤቱ ይደርቅበታል። ጭሱ ደግሞ ሻጋታን የሚከላከሉ ቅመሞችን በውስጠኛው ገጽ ላይ ይለብጣል፤ ለወተቱም መዓዛ ይሰጠዋል። ዱባን ብንመለከት ቅርፊቱ ስስ፥ ሥጋው ወፍራም ነው። ሰው ለሥጋው ብሎ ያረባው ነውና ይህ አያስገርምም። ተረቱ አበቃቀላቸው ለየቅል ያለው እንግዲህ በእውነት ነው።

አመጣጣቸውም ለየቅል ነው። ዱባ የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን ወደ እኛ ዓለም የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ (1492 እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ልጅ ነው። የሚያስገርመው፥ ኮሎምበስ ከመወለዱ በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት አስቀድሞ ቅል በአሜሪካ ምድር መገኘቱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከእስያ ከሰዎች ጋር ተጉዞ ይሆናል ብሎ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ሰፋ ያለ የዘር ምርመራ ግን የጥንቱ የአሜሪካ ቅል ከአፍሪካው ጋር እንደሚዛመድና የአትላንቲክን ውቅያኖስ በራሱ ተንሳፍፎ እንደ ተሻገረ አመልክቷል። ቅል በባሕር ውሃ ላይ ከ200 ቀን በላይ ተንሳፍፎ ዘሩ ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል ከዚያ ቀደም ብሎ በሙከራ ታይቶ ነበር። ከወራት የባሕር ጉዞ በኋላ የማይበሰብስ ዕቃ በመቱ ክረምት አለመበስበሱ እንግዲህ ምን ይደንቃል?

ምስጢሩ ደረቅነት ከሆነ፥ ዝናም በማያቋርጥበት አገር ደረቅነት ከወዴት ይገኛል? ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሻጋታ የሚያድገው በዕቃው ውስጥ ባለው ውሃ ሁሉ ሳይሆን ነፃ በሆነውና ሊጠጣው በሚችለው ውሃ ነው። በዙሪያው ያለው የአየር እርጥበት ከመቶ 70 ገደማ በታች ሆኖ ዕቃው ከዚያ አየር ጋር ከተስማማ፥ አብዛኛው ሻጋታ ማደግ ያቅተዋል። በኢሉባቦር ክረምት አየሩ ከዚህ በላይ እርጥብ ሆኖ ስለሚከርም፥ ዕቃን በነፋስ ብቻ ማድረቅ አይቻልም። መድኃኒቱ ምድጃና ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ነው። እዚያ ያለው አየር በእሳቱ እየሞቀ አንጻራዊ እርጥበቱ ይቀንሳል። የዘር በቆሎው፥ በርበሬው፥ ቅሉ ሁሉ እዚያ የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው። የቡና ነጋዴ ልጆች የሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ሕግ በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ ጀንፈል ቡና በአልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ፍሬው ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ ውሃ ብቻ እስኪቀረው ድረስ መድረቅ አለበት፤ ተከምሮ ያደረ እርጥብ ቡና ይሻግታል። ሥጋም ቢሆን ቋንጣ የሚሆነው በቀጭኑ ከተዘለዘለ ነው። ሙዳውን የሰቀለ ሰው የሚያገኘውን ሁሉም ያውቃል።

ስለ ቴያትር ዱባ ይህን ያህል ከተናገርን፥ ዱባ ቆርጠው ስለሚሸጡ ሰዎች ዝም ማለት አይገባንም። በመቱ ገበያ በቁራጭ ዱባ የሚሸጡ አንዲት እናት አነጋግረን ነበር። ችግራቸውን ሲያስረዱን እንዲህ አሉ። «ልጄ፥ ገዢው ውስጡን ካላየ አይገዛኝም። እንዳያየው ባልቆርጠው ዱባውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ብቆርጠው ደግሞ ያልተሸጠው ከነገ ወዲያ የከብት ነው።» በዚህ ንግግር ውስጥ ያለው ኪሣራ በአንድ የገበያ ቀን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አምስት ዱባ ይዞ ለሚወጣ ሰው አንዱ መጣሉ የትርፉ ሁሉ መጥፋት ነው። በጾም ወራትም የብዙ ቤት ወጥ ከዚሁ ፍሬ መሆኑን አንርሳ።

ለእኚህ እናት ምን ይባላል? እኛ ከተማርነው የሚከተለውን ለማለት ደፍረናል። የተቆረጠውን ቁራጭ በፌስታል መጠቅለል በሙቀት ላይ ጎጂ ነው፤ ዱባው እንደ ሰው ስለሚተነፍስና ስለሚያልበው፥ ላቡ በፌስታሉ ውስጥ ተሰብስቦ ሻጋታን ያጠጣል። ፌስታል የሚጠቅመው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ሙሉውን ዱባ የሚጎዳው ብርድ የተቆረጠውን ለጥቂት ቀን ያቆየዋልና። ፍሪጅ ለሌለው ሰው አንጀቱንና ዘሩን ወዲያው በንጹሕ ማንኪያ ፍቆ ማውጣት፥ ቁራጩንም ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር የተቆረጠውን ፊት ወደ ጎን አድርጎ ማቆም ይሻላል። በየቤቱ በተቆረጠው ፊት ላይ የሚነሰነሰው አመድም ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ላይኛውን እርጥበት ይመጣል፥ ጠባዩም እንደ ሳሙና ውሃ ስለሆነ ለብዙ ሻጋታ አይስማማም። ሲፈለግ ያ ስስ ፊት ተልጦ ይጣላል። ማታ የተረፈው በቀጭኑ ተዘልዝሎ ከምድጃ በላይ ቢሰቀል ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል።

ዋናው ጥፋት ግን የሻጯ ሳይሆን የእኛ የገዢዎቹ ይመስለናል። ዱባ መብሰሉን ለማወቅ ሆዱን መቅደድ አያስፈልግም። እጀታው ደርቆ እንደ ቡሽ ከሆነ፥ ጥፍር ቅርፊቱን ካልበሳው፥ መሬት የነካው ጎኑ ከነጭነት ወደ ቢጫነት ከተለወጠ፥ ሲያነሡትም ከመጠኑ በላይ ከከበደ በስሏል። እኚህ እናት እነዚህን ምልክቶች ከእኛ አብልጠው ያውቃሉ፤ ገዢው ግን አያምናቸውም፥ ባለማመኑም የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው።

ቅሉም ቢሆን ዛሬ ሌላ ባላንጣ አግኝቷል። ውሃ የሚቀዳው በጀሪካን፥ ወተት የሚቀመጠው በፕላስቲክ ባልዲ እየሆነ ሄዷል። ጀሪካን አይሰበርም፥ ለመሥራትም ሳምንት አይፈልግም፤ ስለዚህ እናቶችን የሚወቅስ ቃል ከአፋችን አይወጣም። ሆኖም በመቱ ያነጋገርናቸው ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ቅል በወይራ ማጠንን ያውቃሉ እንጂ፥ አዲስ ቅል ከሐረጉ ቆርጦ ማበስበስን አላዩም። የመጀመሪያው ሥራ ዕቃ መጠበቅ፥ ሁለተኛው ዕቃ መውለድ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከዚህ በኮሌጃችን የሥነ ሕይወት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን የበስባሹን ውሃ ናሙና ወስደው የትኛው ተባይ የትኛውን ቀን እንደሚሠራ በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩ፥ ለሚቀጥለው እትም ከእኛ የተሻለ ጽሑፍ ይገኝ ነበር።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት አንድ ነገር ሞክረን ነበር። አንድ ቅርፊተ ጠንካራ ትንሽ ዱባ መርጠን፥ ይህን ጊዜ አንጀቱን ብቻ ሳይሆን ሥጋውንም ጣት የማይሞላ ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ፈቅፍቀን አወጣነው፤ የወጣው ሥጋ በዚያው ማታ ወጥ ሆነ። ዓይንና አፍ አወጣንለትና፥ ውስጡን ጨው አሽተን፥ አመድ ነስንሰን፥ ከምድጃው በላይ በገመድ ሰቀልነው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ዓይኑ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሻጋታ ብቅ ስላለ በቢላዋ ላጥንለት። ከዚያ በኋላ መኰማተር ጀመረ። ሥጋው ከቅርፊቱ ይልቅ ስለሚሸሽ፥ አፉ ወደ አንድ ወገን ጠመመ፥ አንደኛው ዓይን ተከደነ፥ ፊቱ ሁሉ በጭስ ጠቆረ። አልበሰበሰም። ለቴያትር የሚሆን ግርማ ግን ጨርሶ አልቀረለትም። ወደ ኮሌጅ ስንመለስ የቤቱ እመቤት በውስጡ የጎመን ዘር አስቀምጠውበት ነበር።